እርዳታ ሩቅ በሆነበት አካባቢ ራስን ከወንጀል መጠበቅ፦ ለገጠር ኑሮና ጉዞ የሚሆን የአሠራር መመሪያ

በገጠር ወንጀል ሲፈጸም ጉዳቱን የሚያከብደው ብዙውን ጊዜ ርቀት ነው። ፖሊስ ጣቢያው ሩቅ ነው፤ መንገዱ በዝናብ ይበላሻል፤ የስልክ መስመሩ ይቆራረጣል፤ ጎረቤትም ጩኸት ሰምቶ ለመድረስ በጨለማ መስክ ማቋረጥ ይኖርበታል። በብዛት የሚነገሩት የጥንቃቄ ምክሮች ለከተማ ነዋሪ የታሰቡ በመሆናቸው እርዳታ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል ብለው ይነሣሉ። እርዳታው አንድ ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ ግን ከእነዚህ ምክሮች ግማሹ አይሠራም። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ያንን አንድ ሰዓት በምን መሙላት እንደሚቻል ለማሳየት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1979 ሎውረንስ ኮኸን እና ማርከስ ፌልሰን የተባሉ አሜሪካውያን የሶሲዮሎጂ ምሁራን ባቀረቡት ንድፈ ሐሳብ መሠረት ወንጀል የሚፈጸመው ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜና ቦታ ሲገጣጠሙ ነው፤ እነርሱም ወንጀሉን ለመፈጸም የተነሣ ሰው፣ ለእርሱ የሚመች ዒላማ እና ጠባቂ አለመኖር ናቸው። የመጀመሪያውን መለወጥ ከአንድ ቤተሰብ አቅም በላይ ሲሆን የቀሩት ሁለቱ ግን በየዕለቱ በእጃችን ያሉ ጉዳዮች ናቸው። ጠባቂ ሲባልም ዘበኛ ብቻ ማለት አይደለም፤ በመንገድ የሚያልፍ ሰው፣ የሚጮኽ ውሻ፣ «ዛሬ ለምን አልደወለም?» ብሎ የሚጠይቅ ወዳጅ ሁሉ ጠባቂ ነው።

1. እርዳታ የሚደርስበትን ጊዜ ይለኩ

ምንም ቁልፍ ከመግዛትዎ በፊት ሁለት ቁጥሮችን ይወቁ። አንደኛው በጣም ቅርብ የሆነው ጎረቤት በሌሊት ጠርተውት በርዎ ላይ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ሲሆን ሁለተኛው ፖሊስ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። በግምት አይያዙት። ለአካባቢዎ ኃላፊነት ያለበት ጣቢያ የትኛው እንደሆነ፣ በሌሊት ስልክ የሚያነሣ ሰው መኖሩን፣ ተሽከርካሪ መኖሩን በአካል ሄደው ይጠይቁ፤ መንገዱንም አንድ ጊዜ በደረቅ ወቅት፣ አንድ ጊዜ በዝናብ ወቅት ተጉዘው በሰዓት ይለኩት። ጎረቤት በ10 ደቂቃ፣ ፖሊስ በ50 ደቂቃ የሚደርስ ከሆነ በርዎና ውስጠኛው ክፍልዎ ቢያንስ 10 ደቂቃ መቋቋም እንዳለባቸው ያን ጊዜ ይታወቃል። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ሳይታወቁ የሚወጣ ገንዘብ በዘፈቀደ የወጣ ገንዘብ ነው።

ቀጥሎ ስልክን ይመለከታል። በግቢዎ ውስጥ መስመር የሚይዝበትን ቦታ በቀን ይፈልጉና የቤተሰቡ አባል ሁሉ እንዲያውቀው ያድርጉ፤ ቦታው ከቤት ውጭ ከሆነ በችግር ጊዜ ሊደርሱበት ስለማይችሉ በቤት ውስጥ ሌላ መንገድ ያስፈልጋል። መስመሩ ለጥሪ በማይበቃበት ጊዜ አጭር የጽሑፍ መልእክት የሚያልፍበት አጋጣሚ ብዙ ነው፤ መልእክቱ ለጥቂት ቅጽበት የሚመጣ መስመር ይበቃዋልና። በብዙ አገሮች 112 የአደጋ ጊዜ ቁጥር ሆኖ ይሠራል፤ የራስዎ የስልክ ድርጅት መስመር በሌለበት ቦታም ስልኩ በአካባቢው ያገኘውን ሌላ መስመር ተጠቅሞ ይህን ቁጥር ሊደውል ይችላል። በሚኖሩበት አገር የትኛው ቁጥር እንደሚሠራ አስቀድመው ያረጋግጡ።

የገጠር ቤት አብዛኛውን ጊዜ የመንገድ ስምም ሆነ የቤት ቁጥር የለውም። ስለዚህ ወደ ቤትዎ የሚወስደውን መንገድ በሦስት በአራት ዓረፍተ ነገር ጽፈው፣ ሕፃን ልጅ እንኳ በስልክ ሊያነብበው በሚችል ሁኔታ ግድግዳ ላይ ይለጥፉት። ከሥሩ የቤቱን የጂፒኤስ ነጥብ፣ ማለትም ስልክ የሚያሳየውን የቦታ መለያ ቁጥር ይጨምሩ። ከአሥርዮሽ ነጥቡ በኋላ አምስት አኃዝ ያለው ቁጥር ቦታውን ወደ አንድ ሜትር ገደማ ይጠቁማል፤ አራት አኃዝ ያለው ደግሞ ወደ 11 ሜትር ገደማ። ስልክ የጂፒኤስ ነጥቡን የሚያገኘው ከሳተላይት በመሆኑ የስልክ መስመር በሌለበትም ማንበብ ይቻላል።

2. ቤቱን ያዘጋጁ፦ መጀመሪያ ማወቅ፣ ቀጥሎ ማዘግየት

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው አባባል የጥበቃ ሙያ ዋና ደንብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለመስበር 20 ደቂቃ የሚፈጅ በር ቢኖርዎትም ሰባሪው በ19ኛው ደቂቃ ላይ ከተሰማ፣ በሩ ያተረፈልዎ አንድ ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው መምጣቱን የሚያሳውቀው ነገር ከሚያዘገየው ነገር ቀድሞ ከቤቱ ራቅ ብሎ መቆም አለበት።

ለዚህ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ወደ በሩና ወደ መስኮቶቹ ሥር የሚወስደው መተላለፊያ ጠጠር ቢነጠፍበት ሲረገጥ ይሰማል። ሲከፈት የሚያንቋርር የግቢ በር ካለዎት ዘይት ባይቀቡት ይሻላል። ውሻ ጥሩ ማንቂያ ነው፤ ሆኖም ሥራው መጮኽ እንጂ መዋጋት እንዳልሆነ ይታሰብ፤ ከማያውቀው ሰው የተጣለለትን ምግብ የሚበላ ውሻ ለአንድ ሌሊት ብቻ የሚያገለግል ስለሚሆን ሌሊት ወደ ቤቱ ቀረብ ብሎ፣ ከአጥሩ ርቆ ቢያድር ይመረጣል። እንቅስቃሴ ሲያገኝ የሚበራ መብራት ሌሊቱን ሙሉ ከሚበራው ይበልጣል፤ ምክንያቱም በድንገት መብራቱ ራሱ መልእክት ነው። ጎረቤት በማያየው ሜዳ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ አምፖል ሌባው የራሱን ባትሪ ሳያበራ እንዲሠራ ያግዘው ይሆናል። ካሜራን በተመለከተ ብዙ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚገዛው እርሱን ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን ወዲያው ወደ ስልክዎ የማይልክ ካሜራ የተፈጸመውን ከመመዝገብ በቀር የሚፈጸመውን አያስቆምም፤ ስለዚህ ከበሩና ከመብራቱ በኋላ ቢታሰብበት ይበቃል።

ወደ በሩ ስንመጣ፣ በእርግጫ የሚሰበረው ብዙውን ጊዜ ቁልፉ ሳይሆን መቃኑ ነው። መቀርቀሪያው የሚገባበት ትንሽ ብረት መቃኑ ላይ የሚያዘው ሁለት ሳንቲ ሜትር በማትሞላ ብሎን ስለሆነ አንድ ኃይለኛ ምት ይነቅለዋል። እነዚህን ብሎኖች አውጥቶ መቃኑን አልፈው ወደ ግድግዳው ምሰሶ በሚገቡ 75 ሚሊ ሜትር ያህል በሚረዝሙ ብሎኖች መተካት በግማሽ ሰዓት የሚያልቅ ሥራ ሲሆን ጥቅሙ ግን ውድ ቁልፍ ከመግዛት ይበልጣል። ማጠፊያዎቹም በተመሳሳይ መንገድ ይጠንክሩ። የበሩ ማጠፊያ ወደ ውጭ የዞረ ከሆነ ዘንጉ ተነቅሎ በሩ ከነቁልፉ ሊነሣ እንደሚችል አይዘንጉ። ከውስጥ ደግሞ ቤተሰቡ ሁሉ ሊገባበት የሚችል፣ ከውስጥ የሚቀረቀር ጠንካራ በር ያለው አንድ ክፍል ይምረጡ፤ ስልክ፣ የእጅ ባትሪ፣ ፊሽካና ወደ ቤትዎ የሚወስደው መንገድ የተጻፈበት ወረቀት በዚያ ክፍል ይቀመጡ።

ከሁሉ ይልቅ የሚረሳው የሥራ መሣሪያ ነው። ሌባ በገጠር ቤት የሚሰብርበትን ነገር ይዞ መምጣት አያስፈልገውም፤ የባለቤቱ መጥረቢያ፣ ድጅኖና መሰላል ግድግዳ ተደግፈው ይጠብቁታል። ማታ ማታ እነዚህን ቆልፎ ማስቀመጥ ከማንኛውም ማንቂያ ያላነሰ ጥበቃ ነው። ቁልፍንም ከድንጋይ ወይም ከምንጣፍ ሥር መደበቅ ይቅር፤ የሚደበቅበትን ቦታ የማያውቅ ሌባ የለም።

ሌሊት ባለቤቱን ከቤት ለማስወጣት የሚደረጉ ዘዴዎችም አሉ። ከብቱ ይረበሻል፣ ውሃው ይከፈታል፣ ወይም መብራቱ ከውጭ ይቋረጣል፤ ባለቤቱ ምን እንደተፈጠረ ለማየት በሩን ሲከፍት በሩ ላይ ይጠብቁታል። መብራት ሲጠፋ በመጀመሪያ በመስኮት የጎረቤቶችን መብራት ይመልከቱ፤ የእነርሱ እየበራ የእርስዎ ብቻ የጠፋ ከሆነ በሩን ሳይከፍቱ ስልክ ይደውሉ። እርዳታ ፈላጊ ነኝ ብሎ በሌሊት በር ለሚያንኳኳም በሩን ሳይከፍቱ «እደውልልሃለሁ» ማለት ይቻላል፤ እርዳታው አይቀርም፣ በሩም አይከፈትም።

3. ከቤት ውጭ ያለውን ንብረት ይቁጠሩ፣ ምልክት ያድርጉበት

ከብትን ሲመሽና ሲነጋ መቁጠር ተራ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ስርቆቱ የተፈጸመበትን ሰዓት ለማጥበብ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። እያንዳንዱን እንስሳ ከሁለቱም ጎን ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ፤ የጆሮ ቁጥር ወይም የቆዳ ምልክት ካለውም ይመዝግቡ። ለማሽንና ለሞተር የመለያ ቁጥሩን ጽፈው ከዕቃው በተለየ ቦታ ያኑሩት። የመስክ በር የሚንጠለጠልባቸው ሁለት ካስማዎች ሁለቱም ወደ ላይ የሚያመለክቱ ከሆነ በሩ ጓጉንቸር ቁልፍ ቢኖረውም ተነሥቶ ይወጣል፤ የላይኛውን ካስማ ወደ ታች እንዲያመለክት አዙሮ መግጠም ይህን ያስቀራል። እንስሳትን ለመጫን የሚያመች ማጎሪያ ከመኪና መንገድ ዳር አይሠራ።

4. ከጎረቤት ጋር የሚደረግ ስምምነት

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት እንደሚባለው፣ ቀድሞ የሚደርሰው እርሱ ነው። ይሁን እንጂ «አንዳችን ለአንዳችን እንደርሳለን» የሚል በጎ ፈቃድ ብቻውን በጨለማ ውስጥ ሥራ አይሠራም፤ ዝርዝሩ በቀን መነገር አለበት። ምልክቱ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚደውል፣ ማን እንደሚሄድና ማን እንደሚቀር ይወሰን። ሁሉም ሰው ወደ አንድ ጩኸት ሲሮጥ የቀሩት ቤቶች ባዶ ይሆናሉ፤ ይህንን የሚያውቁ ሌቦች በአንድ ወገን እሳት ወይም ጩኸት አስነሥተው በሌላ ወገን ይገባሉ። ስለዚህ ከየቤቱ አንድ አዋቂ ሰው ይቅር። የሚሄዱትም ከሁለት ያላነሱ ሆነው፣ ባትሪ ይዘው፣ ከሩቅ ስማቸውን እየጠሩ ይጠጉ፤ በጨለማ ጎረቤቱን ሌባ መስሎት የመታ ሰው ታሪክ በየአካባቢው አለ።

5. ከመነሣትዎ በፊት

ለአንድ የሚተማመኑበት ሰው የሚሄዱበትን መንገድ፣ አብሮዎት የሚሄደውን ሰው፣ የመኪናውን ታርጋና የሚደርሱበትን ሰዓት ይንገሩ። ይህን ብዙዎች ያደርጉታል፤ የሚያጓድሉት ሁለተኛውን ግማሽ ነው። ያ ሰው ሰዓቱ ሲያልፍ ምን ማድረግ እንዳለበት ካልተነገረው እስከ ማግስቱ ድረስ «መስመር አጥቶ ይሆናል» እያለ ይጠብቃል። «እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ካልደወልኩ ለእገሌ ደውል፤ እስከ 2 ሰዓት ካልተገኘሁ ለፖሊስ ይህን መንገድ ተናገር» ብለው በጽሑፍ ይላኩለት።

ከጨለማ በፊት መድረስን እንደ ምኞት ሳይሆን እንደ መነሻ ሰዓት መወሰኛ ይውሰዱት፤ ፀሐይ ከምትጠልቅበት ሰዓት ሁለት ሰዓት ቀንሰው ወደ ኋላ ያስሉ። ነዳጅ ከግማሽ ሳይወርድ ይሙሉ። የትርፍ ጎማው አየር ይፈተሽ፤ ክሪኩ መኖሩን ብቻ ሳይሆን መሥራቱን ይመልከቱ። ገንዘብን በሁለት ወይም በሦስት ቦታ ከፋፍለው ይያዙና ቢጠየቁ የሚሰጡት መጠነኛ ገንዘብ ያለበት የተለየ ቦርሳ ይኑርዎት። መስመር በሌለበት አካባቢ ስልክ መስመር እየፈለገ ባትሪውን ስለሚጨርስ የበረራ ሁኔታ ላይ ያድርጉትና በየተወሰነ ሰዓት እየከፈቱ ይመልከቱ።

6. በመንገድ ላይ

በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል፤ በደረቅ አስፋልት ላይ እንኳ ሾፌሩ አደጋውን አይቶ መኪናው ፈጽሞ እስኪቆም ከ50 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ በጠጠር መንገድ ደግሞ ከዚያ ይረዝማል። ይህም ማለት በሌሊት ዝቅ ባለ መብራት የሚነዳ ሰው መንገዱ ላይ የተደረደረ ድንጋይ ወይም የወደቀ ግንድ ሲያይ ጊዜው አልፏል ማለት ነው። መንገድ የሚዘጉ ዘራፊዎች ሌሊትን፣ መታጠፊያንና ዳገትን የሚመርጡት መኪናው ቀስ ስለሚልና ሾፌሩ ዘግይቶ ስለሚያይ ነው። በሌሊት መንዳት ግድ ከሆነ ፍጥነትዎ መብራትዎ ከሚደርስበት ርቀት አይለፍ።

መሰናክል ካዩ ከሩቅ ይቁሙ፤ ከመቶ ሜትር ባላነሰ ርቀት ቢሆን መልካም ነው። በሮቹ ተቆልፈው፣ ሞተሩ ሳይጠፋ፣ ማርሹ ለኋላ ተዘጋጅቶ ዙሪያውን ይመልከቱ። ድንጋዩን ለማንሣት አይውረዱ። ሌላ መኪና ኋላዎ ከመጣ አብረው ይወስኑ፤ ካልሆነ ወደ መጡበት ሰው ወዳለበት ስፍራ ይመለሱ። ከሌላ መኪና ኋላ በሚቆሙበት ጊዜ የፊተኛው መኪና የኋላ ጎማ መሬት ሲነካ የሚታይዎትን ያህል ቦታ ይተዉ፤ ይህ ቦታ ወደ ኋላ ሳይመለሱ ወደ ጎን ታጥፎ ለመውጣት ይበቃል።

መንገድ ላይ የተኛ ሰው ማየት ከሁሉ የሚከብደው ነው። እውነተኛ ጉዳተኛ ሊሆን ይችላል፤ ወጥመድም ሊሆን ይችላል። ሩቅ ቆመው መደወል፣ ሰው ወዳለበት ሄደው ሌሎችን ይዘው መመለስ ከሁለቱም ስሕተት ያድናል። በተመሳሳይ መልኩ እጁን እያወዛወዘ «ጎማህ ተንፍሷል» የሚልዎትን ሰው አመስግነው ሰው እስካለበት ድረስ ቀስ ብለው ይንዱ። ጎማው በእርግጥ ቢተነፍስም ራቅ ብሎ መሄድ ይቻላል፤ ቸርኬው ይበላሽ ይሆናል፤ ቸርኬ ግን ይገዛል።

የሚከተልዎት መኪና ያለ ከመሰለዎት ፍጥነት ጨምሮ ማምለጥ በገጠር መንገድ ከዘራፊው በፊት የሚገድል ስሕተት ነው። በተቃራኒው ፍጥነት ቀንሰው ዳር ይያዙና እንዲያልፍ ዕድል ይስጡት፤ ሳያልፍ እርሱም ከቀነሰ በስፖኪዮ ታርጋውንና ቀለሙን ለማየት እየሞከሩ ወደሚቀጥለው ሰው ያለበት ስፍራ ይሂዱ። ወደ ቤትዎ ግን አይምሩት።

በሕዝብ ማመላለሻ የሚጓዙ ከሆነ ሻንጣዎ ከሚታይዎት ቦታ ይሁን፤ ከማያውቁት ሰው የተከፈተ መጠጥ አይቀበሉ። ሊፍት ከመቀበልዎ በፊት የመኪናውን ታርጋ ፎቶ አንሥተው በሾፌሩ ፊት ለሌላ ሰው ይላኩ፤ ቅን ሰው በዚህ አይቀየምም። በእግር የሚሄዱ ደግሞ መንገዱንና ሰዓቱን ይቀያይሩ። በየቀኑ በአንድ ሰዓት በአንድ መንገድ ብቻዋን የምታልፍ ሴት የተለየ ገንዘብ ባይኖራትም አድፋጭ የሚፈልገውን ነገር፣ ማለትም እርግጠኝነትን ትሰጠዋለች። አብሮ መሄድ በማይቻልበት ጊዜ ጆሮን በማዳመጫ አለመድፈንና ፊሽካን በኪስ ሳይሆን በአንገት ማንጠልጠል ይረዳል። በተራራ አካባቢ ከእ.ኤ.አ. 1894 ጀምሮ የሚታወቀው የጭንቅ ምልክት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ መንፋት ወይም ባትሪ ማብራት፣ አንድ ደቂቃ ዝም ብሎ እንደገና መድገም ነው፤ መልሱ በደቂቃ ሦስት ነው።

7. ፊት ለፊት ሲገጥም

ንብረት የሚፈልግ ሰው ንብረቱን ሲያገኝ አብዛኛውን ጊዜ ይሄዳል። እጅዎን ከሚታይ ቦታ ያድርጉ፤ ከመንቀሳቀስዎ በፊት ይናገሩ፦ «ቦርሳው ከወንበሩ ሥር ነው፤ ላወጣው ነው።» ኋላ ወንበር ላይ ሕፃን ካለ አስቀድመው ይህንኑ በግልጽ ይናገሩ። ፊቱን ትኩር ብለው ከማየት ይልቅ የማይለወጥ አንድ ነገር ይያዙ፤ ጠባሳ፣ አነጋገር፣ አረማመድ፣ ወይም ጫማ። ልብሱን መንገድ ላይ ሊቀይር ይችላል፤ ጫማውን ግን ብዙ ጊዜ አይቀይርም።

ንብረቱን ከወሰደ በኋላ ሊወስድዎት ከፈለገ ግን ነገሩ ይለወጣል። ወደ ሌላ፣ ይበልጥ ወደተገለለ ስፍራ መወሰድ አደጋውን በጣም ስለሚያከብደው መጮኽ፣ ክላክስ መጫንና ሰውና ብርሃን ወዳለበት መሮጥ የሚገባው ያን ጊዜ ነው። በቤት የጦር መሣሪያ ስለ ማኖር የሚጠይቁም አሉ፤ ሕጉ በየአገሩ ቢለያይም፣ መሣሪያው ራሱ ሌባ ፈልጎ የሚመጣበት ዕቃ መሆኑንና ሳይቆለፍ የተቀመጠ እንደሆነ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሰጋው የቤቱን ልጆች መሆኑን ሳይመዝኑ መወሰን አይገባም።

8. ከተፈጸመ በኋላ

የተሰበረውን አይንኩ፤ ዱካ ያለበትን መሬት በሳፋ ወይም በሰፊ ዕቃ ይሸፍኑት፤ ዝናብም እግርም ያጠፋዋልና። የነበሩት ሰዎች እርስ በርስ ከማውራታቸው በፊት እያንዳንዳቸው ያዩትን ለየብቻ ይጻፉ። አብሮ የተነገረ ትዝታ ወደ አንድ ሰው ትዝታ ያዘነብላል።

የወሲብ ጥቃት የደረሰበት ሰው ከሁሉ በፊት ወደ ጤና ተቋም መድረስ አለበት፤ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ይኖርበታል፣ ቢፈጥን ደግሞ ይሻላል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 120 ሰዓት ሊሠራ ቢችልም ውጤቱ በዘገየ ቁጥር ይቀንሳል። ከተቻለ ከምርመራው በፊት ሰውነትን አለመታጠብና ልብሱን በወረቀት ከረጢት ማስቀመጥ ለማስረጃ ይጠቅማል፤ ታጥቦ የሄደ ሰውም ቢሆን ሕክምናውን ሊያገኝ ይገባዋል።

ስልክ ከተሰረቀ ሲም ካርዱን ማዘጋትና በስልኩ የሚንቀሳቀሰውን የባንክ ሒሳብ ማሳገድ የመጀመሪያው ሰዓት ሥራ ነው። ስልኩን ራሱን ለመለየት ደግሞ *#06# ሲጫኑ የሚታየውን 15 አኃዝ ያለው የአይኤምኢአይ (የስልኩ መለያ) ቁጥር ዛሬውኑ ጽፈው ያስቀምጡ። ከብት ከተነዳ ደግሞ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ያህል እየተራመደ በአምስት ሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ መኪና ላይ ከተጫነም ከዚያ እጅግ ይበልጣል። «ማታ 12 ሰዓት ላይ ስንቆጥር ሙሉ ነበሩ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጎደሉ» ብሎ መናገር የሚችል ባለቤት ፍለጋው ከየት እስከ የት መሆን እንዳለበት ለፖሊስ ይነግራል።

አንድ ጊዜ የተዘረፈ ቤት እንደገና የመዘረፍ ዕድሉ ከፍ እንደሚል በወንጀል ጥናት በሚገባ የታወቀ ነው፤ ሌባው መግቢያውን አውቋል፣ የተረፈውንም አይቷል። ስለዚህ ፖሊስ አይቶ ከጨረሰ በኋላ የተሰበረው መቃን በዚያው ቀን፣ ከመምሸቱ በፊት ይጠገን፤ ቁልፉም ይለወጥ፤ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሌሊቶች ጎረቤት አብሮ እንዲያድር ይጠየቅ።